የጻድቁ ገበየሁ ጾም

ከዳንግላ ገበያ በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ደጊቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ ስለ እሷ ሲያወሩ፣ «ደጊቱ ቤት የሚበላው ጥቂት፣ የሚሳቀው ግን ጎተራ ሙሉ ነው» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ሊያመሰግኗት ነው። እሷም እንደ ምስጋና ተቀብላ፣ «ጎተራውን አይጥ አይደርስበትም» ብላ ትመልስላቸው ነበር። ዛሬ ያንኑ ነገር አንድ ሰው ቢደግምላት ፊቷን አዙራ ሌላ ወሬ ታነሳለች። ለምን እንደምታዞር ነው እንግዲህ የማወራችሁ።

ባሏ ነጋ በ1941 ዓ.ም ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና በሳምንቱ ሞተ። የተወላት ሦስት ልጆች፣ አንዲት ላም፣ ስድስት ዶሮና ለእኩል የሚታረስ ቁራጭ መሬት ነበር። ለእኩል ማለት አራሹ ግማሹን ይወስዳል ማለት ነው። ለገበሬ ይህን መንገር አያሻም፣ ለከተማ ልጅ ግን ይነገረው። የቀረው ግማሽ ምርት ለአራት አፍ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ይደርሳል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለውን እንዴት እንደሚሻገሩት የምታውቀው ደጊቱ ብቻ ናት።

ታውቅበትም ነበር፣ ሐሰት አይነገርባትም። ጤፉን ከዳጉሳ ትቀይጣለች፣ ዳጉሳው ሲያልቅ በቆሎ ትጨምራለች። ግን እንጀራው ምንም ይሁን ምን ከላዩ አንድ አረንጓዴና አንድ ጥራጥሬ ሳይኖርበት ለልጆቿ አታቀርብም። «ሆድ ያው አንድ ነገር ሲመላለስበት ያኮርፋል» ትላለች። ጓሮዋ ጎመንና ዱባ አያጣም፤ ክረምት ሲገባ በጨርቅ ይዛ ሳማ ትለቅማለች፣ ቀቅላ ከድንች ጋር ታደቅቀዋለች። ባቄላውን አንድ ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን አሹቅ፣ አንድ ቀን ሽሮ እያደረገች ታገላብጠዋለች። ተልባ ወቅጣ በጨው ትበጠብጣለች። ጎመን በጤና ይባል የለ፣ በእሷ ቤት ጎመኑም ጤናውም ነበረ። የሦስቱም ልጆች ሆድ አልተነፋም፣ ፀጉራቸውም አልሳሳም።

የጎደለውን ደግሞ በቀልድ ትሞላዋለች። ሽሮው የቀጠነ ቀን፣ «ዛሬ ወጡ ዓባይ ነው፤ ዋና የማይችል ዳር ዳሩን ይብላ» ትላለች። ንፍሮውን ስታድል እያንዳንዷን ባቄላ የበግ ታፋ ናት ትላቸዋለች፤ አጥንቷ ጥርስ እንዳይሰብር ቀስ ብለው እንዲያኝኩ ትመክራለች። ልጆቹም በእውነት ቀስ ብለው ያኝካሉ፣ ቀስ ብሎ ያኘከ ደግሞ ቶሎ ይጠግባል። ዘዴዋ ይህ ነው። ታላቁ ልጅ ወርቅአየሁና ተከታዩ ደሴ ቀልዱን ቀልድ እንደሆነ አውቀው ይቀበሉና የራሳቸውን ይጨምሩበት ነበር። ትንሿ ሸጋ ግን ሰው ሲስቅ ዓይኗን ከፍታ የምትሰማ ልጅ ናት።

ቅቤውና እንቁላሉ የልጆቹ አልነበሩም። የሚሄዱት ወደ ዘይነባ ነው። ዘይነባ ገበያው ዳር ሱቅ የነበራት፣ ከደጊቱ ጋር ከልጅነት የምትተዋወቅ ሙስሊም ነጋዴ ናት። ቅቤና እንቁላል ተቀብላ ጨው፣ በርበሬና አቡጀዲ ትሰጣታለች፤ የመሬቱ ግብርም የሚከፈለው ከዚያው ነው። ስለዚህ ላሟ ብትታለብም፣ ዶሮዎቹ ቢጥሉም፣ ልጆቹ የሚደርሳቸው አሬራና የዶሮ ጩኸት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ደሴ ዶሮዋ ከጎጆዋ ስትነሳ አድፍጦ ጠበቀና ገና ትኩሱን እንቁላል ይዞ መጣ። ጾም አይደለም። ልጁ አላጠፋም። «እማ፣ ይህችን ጥበሽልኝ» አላት። ደጊቱ እንቁላሉን አየች፣ ባዶውን የጨው ቅል አየች፣ ከዚያም አፏ እንደለመደው ሮጦ ቀደማት።

«እንዴ ደሴ፣ ዛሬ እኮ የጻድቁ ገበየሁ ጾም ገብቷል።»

ጻድቁ ገበየሁ ማን ናቸው ቢባል፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ ገድላቸው ተጻፈ። በበረሃ የሚኖሩ ነበሩ፤ ዶሮ የምትባል ፍጥረት አይተው አያውቁም፤ አንድ መንገደኛ ቅቤ ቢሰጣቸው የሚበላ መሆኑን ስላላወቁ ፀጉራቸውን ተቀቡት። ጾማቸውም ሁልጊዜ ገበያ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ይገባል፣ ገበያው ሲበተን ይፈታል። ወርቅአየሁ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለነበር የጻድቃኑን ስም ከነወሩ ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ጻድቅ የለም ሊል አፉን ከፈተ፣ የእናቱን ዓይን አየ፣ ገባውና በሳቅ ተንከተከተ። «አዎ፣ መግቢያው የጨው ቅል ባዶ ሲሆን ነው» አለ። ደሴም ሳቀና እንቁላሉን መለሰ። እንዲህ ነው እንቁላሏ ዘይነባ ሱቅ የደረሰችው።

ከዚያ በኋላ የጻድቁ ታሪክ በየሳምንቱ እያደገ ሄደ። አንዱ ልጅ ጻድቁ አህያ ነበራቸው ይላል፣ ሌላው አህያዋም ትጾም ነበር ይላል። ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ሸጋ ያኔ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር። በእኛ አገር ልጅ ሰባት ሲሞላው ጾም ይጀምራል፤ «አንቺ እኮ አሁን ጿሚ ነሽ» መባል ለአንዲት ልጅ አዲስ ቀሚስ ከመልበስ አይተናነስም። የወንድሞቿን ሳቅ የጾም ደስታ መሰላት። አንድ ቀን እናቷ ወጥ ስታማስል ቀረብ ብላ፣ ጻድቁ ለሚጾማቸው ሰው ምን እንደሚሰጡ ጠየቀች።

ደጊቱ ከድስቱ ቀና እንኳ አላለችም። «ላም ነዋ» አለች። «አርባ ቀን አጥብቆ ለጾማቸው አንዷን ላም ሁለት ያደርጉለታል።»

ወንዶቹ ሳቁ። ደጊቱም ሳቀች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በኋላ ዘመኗን ሙሉ ያችን ሰዓት ስታስባት ድስቱ ይታያታል፣ ማማሰያው ይታያታል፣ የልጅቷ ፊት ግን አይታያትም፤ አላየቻትማ።

ልጅቷ ማመኗን ደጊቱ አታውቅም ነበር ብዬ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ታውቅ ነበር። ሸጋ በጻድቁ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም ስትል አይታለች። ሌሎቹ አሬራ ሲጠጡ የሷን ስትመልስ አይታለች። ከዚያ አልፋ ገበያ ላይ ለሴቶቹ፣ «የኔ መናኝ እንዲህ አለችላችሁ» እያለች አውርታላቸዋለች፤ ሴቶቹም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል። አንድ ልጅ ሳይጠይቅ ሲቀር ለቤቱ ይቀላል፤ የተረፈው አሬራም ለወንዶቹ ይደርሳል። ደጊቱ ልጅቷን ትወዳት ነበር፣ ይህ አያጠራጥርም። ግን ማመኗ ጠቀማትና ተወችው።

በ1944 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ላይ መንደሩን ኩፍኝ መታው። ወንዶቹን ለጥቂት ቀናት አስተኝቶ ለቀቃቸው። ሸጋን ግን አጥብቆ ያዛት። ሽፍታው ሲጠፋ ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉ ቀረ፣ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም፤ ክንዷ በሁለት ጣት የሚያዝ ሆነ። ደጊቱ አዝላ ከተማ ወሰደቻት። እዚያ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፣ ረጋ ያለ ሰው። ዓይኗን፣ ምላሷን፣ ጎኗን አየና መርፌ እንደማያስፈልጋት ተናገረ። የሚያስፈልጋት ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ነው፤ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ። ጎመኑም ጥሩ ነው፣ ግን ቅቤ ጣል ይደረግበት አላት።

እዚህ ላይ ለደጊቱ ፍርድ ይሰጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት እንቁላል ወደ ዘይነባ አልሄደችም። ግብሩም ይቅር፣ ጨውም ይቅር አለች። ጠዋት የታለበውን ወተት አፍልታ በኩባያ ሞልታ ልጅቷ መደብ አጠገብ ታስቀምጥና ወደ ሥራዋ ትወጣለች። ስትመለስ ኩባያው ባዶ ነው። እንቁላሉም ተበልቷል። ደስ ይላታል። ነገር ግን ሸጋ ከቀን ወደ ቀን ስትወፍር አልታየችም፤ እንዲያውም መነሳት አቃታት። በዘጠነኛው ቀን ደጊቱ ወንዝ ለመውረድ እንስራዋን አዝላ ከወጣች በኋላ መቅጃው ቅል ትዝ ብሏት ተመለሰች። ደሴ ኩባያውን ይዞ ከእህቱ አጠገብ ቆሟል። ከንፈሩ ነጭ ነው።

ልትመታው እጇን አነሳች። ልጁ አለቀሰ። «ራሷ ናት የሰጠችኝ» አለ። «ላማችን ሁለት እስክትሆን አልጠጣም አለች። ለእማ እንዳትናገር አለችኝ። እኔም ራበኝ።»

የደጊቱ እጅ ወረደ። ሸጋ አርባውን ቀን ተስላ ነበር። ኩፍኙ ሲይዛት ጀምራዋለች፤ ስትድን እናቷ ሁለት ላም እንዲኖራት ብላ።

ደጊቱ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ልጅቷን እቅፏ ውስጥ አስገብታ እውነቱን ነገረቻት። ጻድቁ ገበየሁ የሚባል የለም፤ በረሃውም አህያዋም የለችም፤ ሁሉንም የፈጠረችው እሷ ናት፤ ቀልድ ነበር። በአማርኛ ነገረቻት። እንዳልገባት ስታይ በቤታቸው ቋንቋ በአገውኛ ደገመችላት። ሸጋ በሁለቱም ሰማች። ከዚያ ቀጭን እጇን እናቷ ጉንጭ ላይ አደረገች።

«አውቃለሁ እማ» አለች። «እንድጠጣ ብለሽ ነው።»

ደጊቱ በማርያም ማለች።

«ማርያምን አትጥሪ እማ፣ ኃጢአት ይሆንብሻል። እንደ እመት ዘውድነሽ አባ መጥተው ይፍቱኝ።»

እመት ዘውድነሽ ጎረቤታቸው ናቸው። ባለፈው ሁዳዴ ጽኑ ታመው ሳለ ልጆቻቸው ጾሙ ተፈትቷል ብለው ሊያጠጧቸው ሞክረው ነበር። አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀሩ። የንስሐ አባታቸው መጥተው፣ መስቀል አሳልመው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እስኪሏቸው ድረስ ጠብታ አልቀመሱም። መንደሩ ሁሉ አደነቃቸው። ሸጋም በበሩ ስንጥቅ ታይ ነበር። የታመመ ሰው ቤተሰቡ በፍቅር ይዋሸዋል፣ የሚታመነው ቄሱ ብቻ ነው፤ ልጅቷ የተማረችው ይህንን ነው፤ ትምህርቱም ስህተት አልነበረበትም።

መፍትሔው እንግዲህ ቅርብ ነበር። የንስሐ አባቷ የቄስ ውቤ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከደጊቱ አጥር ላይ ሆኖ ይታያል። ሄዳ መጥራት ነው። ግን ሲጠሯቸው ምን ይሏቸዋል? ጻድቅ ፈጥሬ፣ ገድል ጽፌ፣ ጾም ደንግጌ፣ ልጄን በረሃብ አስተኝቻት ነው ይባላል? ቅጣቱን አልፈራችም፤ ስግደት ስግደት ነው፣ ይሰገዳል። የፈራችው ወሬውን ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ሰው ስታስቅ የኖረች ሴት የሚሳቅባትን ቀን ትፈራለች። ነገ እሄዳለሁ አለች። እስከ ነገ ደግሞ ብልሃት አላጣም አለች።

ብልሃቷ ይህ ነበር። የገብስ አጥሚት አቀጠነችና ውስጡ እንቁላል መትታ ደባለቀችበት። የጾም ነው ብላ አቀረበች። የመጀመሪያው ቀን ሸጋ ግማሹን ጠጣች፣ ደጊቱም ድል ያደረገች መሰላት። በማግስቱ ግን የእንቁላሉ አስኳል ሳይበተን ክር ሠርቶ ቀረ። ልጅቷ አየችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ኩባያውን መለሰችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእናቷ እጅ ምንም ነገር መቀበል አቆመች። ወርቅአየሁ በመዳፉ የሚያመጣላትን ቆሎ ብቻ አንድ አንድ እያነሳች ትቆረጥማለች፤ ቆሎ ውስጥ ምንም ሊደበቅ አይችልም። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ወጋኝ እያለች ዓይኗን በነጠላ መሸፈን ጀመረች።

ያን ቀን ደጊቱ ወደ ከተማ ወጣች። ወደ ቄሱ አይደለም፤ ወደ ዘይነባ ሱቅ። ስኳር ልትገዛ ነው፤ ስኳር በውሃ ብበጠብጥላት አላት ልቧ፣ ስኳር ፍስክ አይደለም፣ ይህን ትቀበለኛለች። ዘይነባ ስኳሩን እየሰፈረች ስለ ልጅቷ ጠየቀቻት። ደጊቱም ለቤተ ክርስቲያኗ ሰው ያልነገረችውን ለዘይነባ ዘረገፈችው፤ ምናልባት የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለሆነች ቀሏት ይሆናል። ዘይነባ ስለዚያ «መናኝ» ልጅ ከሳቁት ሴቶች አንዷ ነበረች። አሁን ግን አልሳቀችም። መስፈሪያውን አስቀመጠች።

«እኛ ዘንድ የታመመ አይጾምም፣ ሲድን ይከፍላል» አለቻት። «ግን እኔ መጥቼ ብነግራት፣ እስላሟ ስለኛ ጾም ምን ታውቃለች ትለኛለች። የእናንተን የሚፈታው ቄሳችሁ ነው። እሱ ደጅሽ ላይ ተቀምጦ አንቺ እዚህ ድረስ መጥተሽ ስኳር ትገዢያለሽ።»

ደጊቱ ስኳሩን ሳትወስድ ወጣች። በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ስታሰናዳ ሄደች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትደርስ አንዱም አልቀረላትም። ቄስ ውቤ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ወደቀችና እንደመጣላት ሁሉንም ነገረቻቸው፣ አህያዋን ሳይቀር። ቁጣ ጠበቀች። እሳቸው ግን ወተቱ ከታዘዘላት ወዲህ ልጅቷ ሳትጠጣው ስንት ቀን እንደሆናት ጠየቋት።

«ዐሥራ ሁለት ቀን ነው፣ አባ።»

«አንቺስ ካወቅሽ?»

«ሦስት ቀን።»

«ቀልዱን ይገባኛል፣ ልጄ። ድኻ ነሽ፣ በቀልድ አሳደግሻቸው። የማይገባኝ ሦስቱ ቀን ነው» አሉና መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ።

ሽማግሌ ናቸው፣ ግን እሷ ልትደርስባቸው እስክትሮጥ ድረስ ፈጥነው ሄዱ። ቤት ሲገቡ ወንዶቹ ተነስተው ቆሙ። ቄሱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን መስቀል አሳለሟት። እናቷ የነገረቻት እውነት መሆኑን፣ እንዲህ የሚባል ጻድቅ እንደሌለ ነገሯት። ጾሟን ግን እግዚአብሔር እንዳየው፣ አሁን እንደፈቷት አስታወቋትና እስክትድን ረቡዕና ዓርብንም ጭምር እንዳትጾም አዘዟት። ሸጋ ነጠላውን ከዓይኗ ገለጠችና አንድ አንድ እያለች ሁሉንም አየቻቸው፤ ቄሱን፣ ወርቅአየሁን፣ ደሴን፣ በመጨረሻም እናቷን።

«ያኔ ትስቁ የነበረው በኔ ነበር?» አለች።

ወርቅአየሁ ኩባያውን አቀበላትና ሸጋ ወተቱን እስከ ታች ጠጣችው።

ዳነች። በአንድ ወር ውስጥ ተነስታ መሮጥ ጀመረች። የግራ ዓይኗ ግን በዚያው ደመና እንደለበሰ ቀረ። ደጊቱ ድሬሰሩን ከምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው እውነተኛ ስለሆነ ጥርጥሩንም አልደበቃትም። ኩፍኙ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል፤ የምግብ ማጣትም ሊያደርገው ይችላል፤ ቀደም ብሎ ወተት ቢጀመርላት የተሻለ ይሆን እንደነበር ግን ነገራት። በስንት ቀን ቀደም ብሎ ብላ ልትጠይቀው ፈለገች። መልሱን ፈራችና ልጇን አዝላ ወጣች።

ንስሐዋን ፈጸመች። ቄስ ውቤ ስግደት ሰጧት፤ በዚያ ላይ ለገበያው ሴቶች ለእያንዳንዳቸው እውነቱን በአፏ እንድትነግር አዘዟት። ነገረቻቸው። አንዲትም የሳቀባት የለም። ያን ያህል የፈራችው ነገር ምንም አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቆጫት። ለዚያ ነው እንዴ ሦስት ቀን ያስጠበቅኳት እያለች ብቻዋን ስትሆን ፊቷን ትነጨው ነበር። ሸጋም ቂም አልያዘችባትም። ታዛዥ ልጅ ሆና አደገች፣ እናቷን ትወዳታለች፣ ትረዳታለች። ብቻ እናቷ የምትነግራትን ሁሉ፣ ትንሽም ትሁን፣ ሄዳ ወርቅአየሁን «እውነት ነው?» ብላ ሳትጠይቅ አትቀበልም ነበር። ደጊቱ ይህን እያየች እንዳላየች ታልፋለች።

ሸጋ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ግምጃ ቤት በሚባለው አገር ላለ አበረ ለሚባል ገበሬ ተዳረች። ደግ ሰው ነው፤ ስለ ዓይኗ ለአንድ ቀን እንኳ ቃል አላወጣም። በ1960 ዓ.ም ክረምት ደጊቱ ልትጠይቃት ሄደች። ልጅቷ ሁለት ወልዳለች፤ ታላቁ አምስት ዓመቱ ነው። ዘመኑ ጠባብ ነበር፣ በረዶ ገብሱን መትቶታል። ደጊቱ የልጇን ጓዳ በአንድ ዓይን ዕይታ አወቀችው፤ ራሷ የኖረችበት ጓዳ ነው። ጓሮው ጎመን አለው። ማሰሮው ባቄላ አለው። ከግድግዳው ሥር ባለ ቁና ውስጥ ለገበያ የተቀመጡ አምስት እንቁላሎች አሉ።

ምሳ ቀረበ። ዳጉሳ እንጀራ በጎመን፣ ከጎኑ የባቄላ ንፍሮ። ትንሹ ልጅ ዝም ብሎ መብላት ጀመረ። ታላቁ ግን ወደ ቁናው እያመለከተ እንቁላል እፈልጋለሁ አለና እጁን ከመሶቡ ሰበሰበ። ማልቀስ ሊጀምር ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ደጊቱን አፏን በላት። ስንት ዓመት ያልተናገረችው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ልጁ ቢስቅ ይበላል፣ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ፣ «አንተ፣ ያች ዶሮ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ?» አለችው። ልጁ በእንባው መካከል ቀና ብሎ አያቱን አያት።

ሸጋ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በደህናው ዓይኗ ልታያት ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እናቷ አዞረች።

«ተይው እማ» አለች። ከዚያም ወደ ልጇ ዞረች። «እንቁላሉ የገበያ ነው። ጨው ይገዛበታል። ዛሬ ላንተ የለም። ከገበያ በኋላ ዶሮዋ የምትጥላት ያንተ ናት።»

ልጁ አለቀሰ፤ ብዙም አይደለም። ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰ። እናቱ አልሳቀችም፣ አላባበለችውም፤ ሲበላ ብቻ አየችው። ለቅሶው ከጀመረበት እስካቆመበት አንድ እንጀራ በስሎ የሚወጣበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ደጊቱ እጇ መሶቡ ላይ ቀረ። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ? የለም ማለት፣ አንድ ጊዜ አስለቅሶ ማለፍ። ሦስት ልጅ ስታሳድግ፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ ልጆቿ ሲያለቅሱ ማየት ስለማትችል ያላደረገችው ነገር አልነበረም፤ የለም የሚለውን ቃል ግን ለአንዳቸውም ተናግራ አታውቅም።

«ብይ እንጂ እማ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት ሸጋ።

ደጊቱ ጎመኑን በእንጀራ ጠቀለለች። ጨው ጎድሎት ነበር። ሳትቀልድበት በላችው።